አስቴር ጋኖና የልጆቻችን የመጀመሪያ መጽሐፍ



ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን አንድ አጀንዳ ሳይቋጭ እንደ ተበተንን ታስታውሳላችሁ። ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከሰበታ የምትመጣ አንዲት አባላችን አሜሪካ የምትኖር እህት አለቻት። እህቲቱ ልጆቿን ትምህርት ቤት አትልክም፤ እቤቷ ራሷ ታስተምራቸዋለች። የምታስተምረውም እኛ በለመድነው በመማሪያ መጽሐፍና በጥያቄና መልስ ሳይሆን ልቦለድ፣ ተረት፣ የሰዎች የሕይወት ታሪክና ግጥም እያስነበበች ነው። ልጆቹ ታሪኩንም፣ ቋንቋውንም፣ ግብረ ገቡንም ከነዚያው መጻሕፍት ያገኙታል። አባላችን የመጻሕፍቱን ዝርዝር አስልካ አመጣችልንና ለቅዳሜው የልጆች ንባብ ለጋሾቻችን ከሰጡን ገንዘብ ላይ እንግዛው የሚል ሐሳብ አቀረበች።

ሐሳቡ ብዙዎቻችንን ደስ አሰኘን። ነገሩ የከረረው ዝርዝሩን ማየት ስንጀምር ነው። መጻሕፍቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የሱሉልታ እህቶች ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ መጽሐፉም በዚያው ይሁን አሉ። ከቡራዩ የመጡት ግማሾቹ እቤት የሚነገረው አማርኛ ስለሆነ አማርኛ ይቅደም አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ልጆቹ ነገ ሥራ የሚያገኙት በእንግሊዝኛ ነው ብለው በዝርዝሩ ጸኑ። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። በመጨረሻ ጉዳዩ እኔ ላይ ወደቀ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዋጋውን አስልቼ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዳቀርብ ተወሰነ።

ዋጋውን አስልቻለሁ። ከገንዘብ ያዣችን ጋር ሆነን ለስብሰባው እናቀርባለን። ቁጥሩን ስደምር ግን የአንዲት ሴት ታሪክ በሐሳቤ እየተመላለሰ አላስቀምጠኝ አለ። አስቴር ጋኖ ይባላሉ። ስማቸውን መጀመሪያ የሰማሁት ከነቀምቴ ከመጣች የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ በኋላም እየፈለግሁ አነበብኩ። በወለጋ በኩል ስማቸው የታወቀ ነው፤ ከኛ ግን ብዙዎቻችን የማናውቃቸው ይመስለኛል። አስቴር ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት እኛ የተጨቃጨቅንበትን ጥያቄ በሥራ የመለሱ ሴት ናቸው። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት ሕይወታቸውን ብናውቅ ይጠቅመናል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ዓመቶቹን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ በኛ ለማግኘት ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ነው። የልጅነቷን ታሪክ እንደ ልጅ፣ ካደጉ በኋላ ያለውን ደግሞ አንቱ ብዬ እተርካለሁ።

ከሊሙ እስከ ቀይ ባሕር

አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። ስትወለድ ነጻ ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ሊሙ እናርያ ዛሬ የጅማ ዞን በምንለው አካባቢ ከነበሩት አምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። አገሩ የቡናና የትልልቅ ገበያ አገር ነበር። በዚያ ገበያ ከቡናው፣ ከማሩና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር።

በዚያ ዘመን ከጊቤ አካባቢ የተያዙ ሰዎች በነጋዴ ቅፍለት እየተነዱ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወሰዱና በጀልባ ወደ ዐረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ብዙዎቹ ሕፃናትና ልጃገረዶች ነበሩ። አስቴርም ከነርሱ አንዷ ሆነች። ከሊሙ እስከ ቀይ ባሕር ያለውን መንገድ ዛሬ በመኪና ለሄደ እንኳ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስቡት። ልጅቱ ያን ሁሉ መንገድ የሄደችው ወደ ቤቷ ላትመለስ ነው።

ባሕሩን ግን አልተሻገረችም። ጣሊያኖች በ1885 ምጽዋን ይዘው ነበር። በ1886 የጣሊያን መርከቦች ባሪያ የጫነውን ጀልባ ባሕር ላይ ያዙት፤ ጀልባው ላይ የነበሩትም ነጻ ወጡ። አስቴር ያኔ ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ቢሆናት ነው። ነጻ ብትወጣም ወደ ሊሙ የሚመልሳት አልነበረም። ወደ ኤርትራ ተወሰደች።

እስቲ የዚህችን ልጅ ንብረት እንቁጠር። ቤት የላትም፣ ዘመድ የላትም፣ የእናቷ ልብስ ቁራጭ እንኳ የላትም። ቋንቋዋ ግን አብሯት ነበር። በዚያ ቋንቋ የሰማቻቸው ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ነበሩ። ይህን ሀብት ባሪያ ፈንጋዩም፣ ነጋዴውም፣ ባሕሩም አልወሰደባትም።

እምኩሉ

አስቴር የገባችው ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ቦታ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ወዳቋቋመው ትምህርት ቤት ነው። የምጽዋን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደጋና ከወይና ደጋ ለመጣ ሰው ያ አሸዋና ወበቅ ቀላል አይደለም። ስዊድኖቹ ወደዚያ የመጡት በ1866 ሲሆን ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ አገር መዝለቅ ነበር። መንገዱ ደጋግሞ ስለ ተዘጋባቸው ከባርነት የወጡ የኦሮሞ ልጆችን እዚያው ዳርቻው ላይ ሰብስበው ማስተማር ያዙ።

በእምኩሉ አንድ ሌላ ከባርነት የወጣ ሰው ነበር፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ። እርሳቸው በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሒካ ነበር፤ ትርጉሙም የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። በሕፃንነታቸው ተሰርቀው ተሸጡ፤ ምጽዋ ላይ በ1870 ነጻ ወጡ። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ስዊድን ድረስ ሄደው አጠኑ። የሕይወታቸው ዓላማ መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ ማቅረብ ነበር።

ኦኔሲሞስ ቋንቋ ተማሪ፣ ብርቱ ሠራተኛ ነበሩ። ነገር ግን ከእናታቸው ጉያ የተወሰዱት ገና በሕፃንነታቸው ሲሆን ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በሌሎች ቋንቋዎች መካከል ነው። አንድ ሰው በሕፃንነቱ የሚያውቀው ቋንቋ የጓዳ ቋንቋ ነው። የዳኝነቱን፣ የለቅሶውን፣ የሠርጉን፣ የእርሻውን ቃል የሚሰማው ከፍ ካለ በኋላ ነው። አስቴር ከቤቷ የወጣችው ከርሳቸው ዘግይታ ነው። ኦኔሲሞስ ይህችን ልጅ ሲያስተውሏት የቋንቋ ስጦታ እንዳላት ገባቸው። ቃሉን ማወቅ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ቃል የት እንደሚያምር፣ የትኛው አባባል ለጆሮ እንደሚከብድ ትለያለች። እርሳቸው በዕድሜም በትምህርትም ይበልጧታል፤ በዚህ በኩል ግን እርሷ እንደምትበልጥ ተቀበሉ። እንዲህ ያለ ሰው በኛም ዘመን በብዛት አይገኝም።

ቃል መልቀም

ከዚህ በኋላ አስቴር ሥራ ተሰጣቸው፤ የአፋን ኦሮሞ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት። የሃያ ዓመት ሰው እንኳ ሳይሆኑ የጀመሩት ይመስላል።

መዝገበ ቃላት መሥራት ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ማታ ሞክሩት። ወጥ ቤት ተቀምጣችሁ በእጃችሁ ያለውን፣ በዓይናችሁ የምታዩትን፣ በእሳቱ ላይ የሚሆነውን ሁሉ ስም ጻፉ። ሙክክ ማለትና መንተክተክ አንድ አይደሉም፤ መቁላትና መጥበስም እንዲሁ። ሃምሳ ቃል ሳትደርሱ ይደክማችኋል። አስቴር ይህን ያደረጉት ለአንድ ወጥ ቤት ሳይሆን ለአንድ ሙሉ ቋንቋ ነው። ያውም በፊደል ብዙ ባልተጻፈ ቋንቋ።

የሚጽፉት በኛው በግዕዝ ፊደል ነበር። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። አፋን ኦሮሞ የምትናገሩ እህቶች እንደምታውቁት በዳ የሚለው ቃል ሲላላ ክፉ ማለት ነው፣ ዳ ሲጠብቅ ደግሞ ደጋ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለይቶ የሚያውቃቸው ቋንቋውን በጆሮው ያደገበት ሰው ብቻ ነው። የአስቴር ጆሮ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

መዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ የጠቀመው የአዲስ ኪዳንን ትርጉም ለማረም ነው። አዲስ ኪዳኑ በአፋን ኦሮሞ በ1893 ታተመ። አስቴር ከዚህ ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ አንድ መጽሐፍ ተርጉመዋል። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ተተርጉሞ ያለቀው በ1897 ሲሆን የታተመው በ1899 በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ነው። ይህ ትርጉም ሲነሣ በብዛት የሚጠራው የኦኔሲሞስ ስም ነው። የአስቴር ስም የወጣው ቆይቶ፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን ሲመረምሩ ነው። የቤት ሥራ ሠርታ ስሟ የማይነሣ ሴት ለማኅበራችን አዲስ ስላልሆነች በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

አምስት መቶው

አሁን ወደ ጉዳያችን ወደሚያስገባው ሥራ ደርሰናል።

ትርጉሙ የሚያስፈልገው አንባቢ ነው። አንባቢ የሚፈጠረው ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ ነው። በአፋን ኦሮሞ ማንበብ የሚጀምር ልጅ ምን ያንብብ? ጥያቄው እምኩሉ ላይ የተነሣው እንዲህ ነው፤ እኛ ስብሰባ ላይ የተነሣውም ይኸው ነው። ቀላሉ መንገድ ከስዊድን የመጣ የልጆች መጽሐፍ ወስዶ መተርጎም ነበር። ተርጓሚዎቹ እዚያው አሉ፣ ማተሚያውም አለ።

አስቴር ሌላ ነገር አደረጉ። ተቀምጠው በአፋን ኦሮሞ የሚነገሩ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጻፉ። ቁጥራቸው አምስት መቶ ደረሰ። ኦዱ ዱሪ የምንለው የድሮ ወሬ፣ ሂቦ የምንለው እንቆቅልሽ፣ መመክሳ የምንለው ምሳሌ በወረቀት ላይ ሰፈረ። እምኩሉ ከሊሙ ምን ያህል እንደሚርቅ አስታውሱ። ሄደው የሚጠይቋት አያት የለቻቸውም፣ ምሽት ላይ እሳት ዳር የተሰበሰበ ቤተሰብም የለም።

እኔ በሙያዬ የምቆጥር ሰው ስለሆንኩ ይህ ቁጥር ይገርመኛል። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ወረቀት አውጥቼ እኔ ራሴ የማውቃቸውን ተረቶች ከነመጨረሻቸው ለመቁጠር ሞከርኩ። ሰባት ሆኑ። ከሰባቱ ሁለቱን የማውቀው ከአባባ ተስፋዬ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው።

ጀልቀበ በርሲሳ

ከአምስት መቶዎቹ ብዙዎቹ በ1894 በእምኩሉ በታተመ የጀማሪ ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ ጀልቀበ በርሲሳ ይባላል፤ የማስተማር መጀመሪያ ማለት ነው። የኦኔሲሞስና የአስቴር የጋራ ሥራ ነው። አስቴር ያኔ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነው። መጽሐፉ የሚሲዮን መጽሐፍ ስለሆነ መንፈሳዊ ንባብም አለበት። ከርሱ ጎን ለጎን ግን የሕዝቡ ተረት፣ እንቆቅልሽና ምሳሌ ይገኛል።

የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ለልጅ ምን እንደሚያደርግ እናስብ። ልጁ ፊደሉን ገና አያውቀውም፤ ታሪኩን ግን ያውቀዋል። እንቆቅልሹን ካያቱ ሰምቶታል። ስለዚህ ፊደሉን ሲያዛምድ የሚጠብቀው ቃል ይመጣለታል፤ ደስ ይለዋል። የማያውቀውን ፊደል በሚያውቀው ታሪክ ይማራል። ፊደሉም ታሪኩም ቋንቋውም አዲስ ከሆነ ግን ልጁ ሦስት ሸክም ባንድ ጊዜ ተሸከመ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን በእንግሊዝ አገር አንዲት አስተማሪ ስለዚሁ ነገር ትጽፍ ነበር። ሻርሎት ሜሰን ትባላለች፤ ከ1842 እስከ 1923 የኖረች ናት። በቤት ውስጥ ስለሚሰጥ ትምህርት የጻፈችው የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው በ1886 ነው፤ አስቴር ከጀልባው በወረዱበት ዓመት። ሻርሎት ሜሰን ልጆች ከደረቅ ማጠቃለያ ይልቅ ነፍስ ያለው ሙሉ መጽሐፍ ይነበብላቸው፣ ከዚያም የሰሙትን በራሳቸው ቃል መልሰው ይናገሩ የምትል ነበረች። የአባላችን እህት አሜሪካ ውስጥ የምትከተለው ዓይነት ትምህርት ሥሩ ሲፈለግ በብዛት ወደዚህች ሴት ያደርሳል። ሁለቱ ሴቶች እንደ ተዋወቁ የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ግን ልጅ የሚማረው ከታሪክ ነው በሚለው ተስማምተዋል። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው፤ ሻርሎት ሜሰን ስትጀምር ብዙ የተጻፈ መጽሐፍ ነበራት፣ ትመርጣለች። አስቴር ግን ምንም አልነበራቸውም፤ ስለዚህ የሚመረጠውን ራሳቸው ጻፉት።

ነቀምቴ

በ1904 የተዘጋው መንገድ ተከፈተ። አስቴር፣ ኦኔሲሞስና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወለጋ ገቡ። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም መምህርት ሆኑ። ከቡራዩ ተነሥቶ በሆለታና በአምቦ አድርጎ የሚሄደው የነቀምቴ መንገድ ላይ የምትኖሩ እህቶች፣ በየቀኑ አውቶቡሱ ሲያልፍ የምታዩት ወደዚያች ከተማ ነው።

ኑሮው አልጋ በአልጋ አልነበረም። ብዙ ሳይቆይ ኦኔሲሞስ በካህናት ተከሰው አዲስ አበባ ቀረቡ። በመጨረሻ አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቅዱም እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። ቢሆንም የተጀመረው አልጠፋም። ኦኔሲሞስ በ1931 እዚያው ነቀምቴ ላይ አረፉ።

አስቴር ከርሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረዋል። በ1872 ገደማ የተወለዱት ሴት የዐድዋን ጦርነት፣ የምኒልክን ሞት፣ የጣሊያንን ወረራና የነጻነትን መመለስ በዕድሜያቸው አይተዋል። ሌላም ነገር አይተዋል። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች አዋጅ የማስተማሪያው ቋንቋ በአጠቃላይ አማርኛ እንዲሆን ደነገገ። በወጣትነታቸው የልጆች መጽሐፍ ያዘጋጁበት ቋንቋ ከመማሪያ ክፍል እየወጣ ሲሄድ እርሳቸው በሕይወት ነበሩ። ምን እንደ ተሰማቸው ጽፈው ካለፉ እኔ አላነበብኩም፤ ስለዚህ ቃል በአፋቸው አላስቀምጥም።

በ1964 አረፉ። ዘጠና ዓመት አልፏቸው ነበር። ከርሳቸው ሞት ሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ከ1991 ጀምሮ አፋን ኦሮሞ በኦሮሚያ እንደገና የትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ የሚጻፈውም በቁቤ ሆነ። ዛሬ የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ ልጆች በዚያ ቋንቋ ያነባሉ። የቋንቋው የመጀመሪያ የጀማሪ ማንበቢያዎች ሲቆጠሩ የዚህች ከባርነት የወጣች ልጅ ሥራ ከፊት ይገኛል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጄ ገና ማንበብ ጀምራ ነበር። ወደ ኋላ እንዳትቀር ፈርቼ ከቁጠባዬ አውጥቼ የውጭ አገር መጻሕፍት ገዛሁላት። ስለ በረዶ፣ ስለ ቀበሮና ስለ ባቡር የሚያወሩ፣ ሥዕላቸው የሚያምር መጻሕፍት ናቸው። ልጄ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔም እኮራለሁ። አንድ ማታ መጽሐፉን ዘግቼ ምን እንዳነበበች ጠየቅኳት። ዝም አለች። ድምፁን ታውቀዋለች፣ ታሪኩ ግን አልገባትም። ወጪ አድርጌ ያስገባሁት ነገር ገቢ አልሆነም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከሱሉልታ መጥታ አብራን ሰነበተች። እናቴ የምታወራው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ነው፤ አንዱን ጀምራ በሌላው ትጨርሳለች። ማታ ማታ ለልጄ ተረት ታወራላት ነበር። እኔ ጓዳ ሆኜ ቴሌግራም እያየሁ አልሰማም ነበር። ልጄ ግን በማግስቱ ተረቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለጎረቤት ልጆች ስታወራ አገኘኋት። የፊተኛው ጥያቄዬ መልስ እዚያው ቤቴ ነበር፤ ያኔ ግን አላስተዋልኩትም።

ዛሬ እናቴ መርሳት ጀምራለች። መንገድ አይጠፋትም፤ ሰውም አትስትም። ተረት ስትጀምር ግን መጨረሻው ይጠፋትና ፈገግ ብላ ትተወዋለች። እኔም በቢሮ የማይፈለግ አንድ አሮጌ የሒሳብ መዝገብ አምጥቼ፣ ያስታወሰችውን ያህል እጽፋለሁ። ገቢ በሚለው ዓምድ በአፋን ኦሮሞ፣ ወጪ በሚለው በአማርኛ። እስካሁን ዐሥራ አንድ ሞልተዋል። ከዐሥራ አንዱ አራቱ መጨረሻ የላቸውም። አስቴር ከእናታቸው ተነጥቀው አምስት መቶ አተረፉ። እኔ እናቴ አጠገቤ እያለች ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ስንት እንዳጠፋሁ ልቆጥረው አልችልም።

ስለ ምርጫችን

እንግዲህ ከአስቴር ሕይወት ለቅዳሜው ንባባችን የሚጠቅም መስሎ የታየኝን አስቀምጣለሁ። ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት ለማስቀረት አይደለም፤ እቤት የምንጨምረውን በትክክል ለመምረጥ ነው።

አንደኛ፣ የመጻሕፍት ዝርዝር ከማየታችን በፊት እያንዳንዷ እናት የራሷን ቤት ትመልከት። ልጇ የምትስቀው፣ የምትቆጣው፣ የምትጫወተው በየትኛው ቋንቋ ነው? የመጀመሪያው መጽሐፍ በዚያ ቋንቋ ይሁን። ለሱሉልታዋ አፋን ኦሮሞ፣ ለሌላዋ አማርኛ ቢሆን አንጣላም። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ለሁሉም ቤት መግዛት አንድ ቁጥር ጫማ ለሁሉም ልጅ እንደ መግዛት ነው። እንግሊዝኛው ይቀጥላል፤ ታሪክ መውደድ የለመደ ልጅ በሌላም ቋንቋ ታሪክ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በአጭሩ እንጀምር። እንቆቅልሽና ምሳሌ ሁለት መስመር ናቸው፤ ልጁ በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ አንብቤያለሁ ይላል። ከዚያ ተረት ይከተላል። ትንሽ ከፍ ላሉትና አማርኛ ለሚያነቡት እንደ ከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ ያሉ መጻሕፍት አሉ። ረጅሙ ልቦለድ የኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጁ የሰማውን መልሶ ያውራ። ፈተና አድርገን አንጠይቀው፤ ለታናሹ ወይም ለአያቱ እንዲያወራ እንተወው። ገብቶት እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። ማንበብ የማትችል እናትም በዚህ መንገድ ልታስተምር ትችላለች። ከመሠረተ ትምህርት ክፍላችን ያላችሁ እናቶች ለልጆቻችሁ ንባብ ምንም የምንሰጠው የለንም ስትሉ ሰምቻለሁ። አላችሁ። የአስቴር መጽሐፍ የተሠራው እናንተ አፍ ላይ ካለው ነገር ነው።

አራተኛ፣ ጊዜያችንን እንወቅ። ከገበያ በመሸ ተመልሳ እንጀራ የምትጋግር እናት ሁለት ሰዓት ማስተማር አትችልም። አሜሪካ ያለችው እህት የምትከተለው ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ እቤት ለምትውል እናት የተሠራ ነው። ለኛ ዐሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከእራት በኋላ፣ ሳይቋረጥ፣ ይበቃል።

ስለ ገንዘቡ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከዝርዝሩ የሚመቹንን ጥቂት መጻሕፍት ብቻ እንግዛ። ከቀረው ገንዘብ ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የታተሙ የልጆች መጻሕፍት ለሦስቱም ቅርንጫፍ እንግዛ። ትንሽ ደግሞ ለደብተርና ለፎቶ ኮፒ እናስቀር። እያንዳንዷ አባል ከእናቷ፣ ከአማቷ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ አንድ ተረትና ሦስት እንቆቅልሽ ታምጣ፤ በተነገረበት ቋንቋ። መጻፍ የማትችል በስልኳ ትቅዳ፣ እኛ እንጽፋለን። የተራኪዋ ስም ከሥሩ ይጻፍ፤ ማንም የሠራው ሥራ ያለ ስም እንዳይቀር። ሲጠራቀም በአንድ ጠርዘን የልጆቻችን የመጀመሪያ መጽሐፍ እናደርገዋለን። ለጋሾቻችንም እያንዳንዱ ብር የት እንደ ገባ ከነደረሰኙ በቀጣዩ እትም ታገኙታላችሁ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እኔ ዐሥራ አንዱን ይዤ እመጣለሁ። መጨረሻ የጠፋባቸውን አራቱን ምናልባት ከናንተ እናቶች አንዷ ታውቃቸው ይሆናል። እስከዚያው በቸር ያቆየን።